ሊተረተር የተሰፋ ጋውን

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለቁራጬ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ በርሽን አንኳክቶ ይግባ። እንዴት ነሽ ልጄ? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ደህና ነን። የአክስትሽ ጉልበት እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፣ እሷ ግን አታጉረመርምም። ሁለቱ ልጆች፣ እነዚያ ኪስና ጠርዝ የሚሰፉልኝ፣ ሰላም በልልን ብለዋል። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክልሽ።

"ቁራጬ" ስልሽ እንዳትቆጪ። ቢሮ ገብታ የጨርቅ ተቆጣጣሪ ሆናለች፣ ትልቅ ሰው ሆናለች ሲሉ እሰማለሁ። ለኔ ግን ያው ከትምህርት ቤት መጥተሽ በጨርቅ ቁራጭ ማዳበሪያ ላይ እንቅልፍሽን የምትለጥጪው ነሽ። እናትሽና እኔ የእህትማማች የልጅ ልጆች ነን፤ ዝምድናው ሲቆጠር ሩቅ ነው። ሱቄ ውስጥ ላደገ ልጅ ግን ማን ይቆጥራል?

አሁን ወሬዬን ስሚና እሰይ በይ። ተገላገልን! ሱቁን ልዘጋው ነው ብዬ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ ቅደጂው። ሰው ሁሉ የተሰፋ ልብስ ከመደብር እያነሳ፣ ለኔ የሚተርፈኝ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ብቻ ሆኖ ከርሞ ነበር። አሁን አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ለሠራተኞቹ የሚሆን መቶ ሃያ ጋውን አዘዘኝ። ካማራቸው ደግሞ በየዓመቱ ነው። ካላማራቸው ያው ሱቁ ይዘጋል፣ ልጆቹም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ግን ለምን አያምራቸውም?

ጉዱ ጨርቁ ላይ ነው። ከአሮጌ ልብስ የተሠራ ነው አሉኝ። ያለቀ የጥጥ ልብስ ሰብስበው፣ ዘንጥለው፣ ፈትለው፣ እንደገና ሸምነውታል። ይሄ አልገረመኝም። እኔ ልብስ እየገለበጥኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የአባት ኮት ተተርትሮ፣ ውስጡ ወደ ውጭ ዞሮ ለልጅ ሲሆን ስንቴ አይተሻል። ያሳቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጋውኑ ሲያልቅ ድርጅቱ መልሶ ይሰበስበውና እንደገና ይዘነጥለዋል። ስለዚህ ክሩም፣ ኪሱም፣ አንገቱ ላይ ያለችው ምልክትም ጥጥ መሆን አለባት፤ ቁልፉ የእንጨት፤ ስፌቱም ሲፈለግ ቶሎ የሚተረተር። ሰማሽ? ቶሎ የሚተረተር! አርባ ዓመት "ጨርቁ ያልቃል እንጂ የሱ ስፌት አያልቅም" ሲባል የኖረውን ሰውዬ! ሊፋቱ ብለው የሚጋቡ ሰዎች አይቼ አላውቅም አልኳቸውና ውሉን ፈረምኩ።

ይህን ሁሉ የምትነግረኝ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ናት፣ አንቺን የምታህል ልጅ። ቦርሳዋ ውስጥ ክብሪት ይዛ ትዞራለች። የጨርቅ ጫፍ ትቆርጥና ለኩሳ ታሸታለች። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ይኮማተርና ጠጠር ይወጣዋል። እኛም ስሟን ክብሪት ብለናታል። ፊት ለፊቷ አይደለም እንጂ።

የላኩልኝ የጥጥ ክር ግን አስመረረኝ። መኪናዋ ሁለት ክንድ ሳትሄድ ብጥስ! እንደገና አስገባ፣ ብጥስ! መጨረሻ ላይ ከክር ሻጩ ጠንካራውን ናይለን ገዛሁ፣ ቀለሙ ቁርጥ እሱን። አሁን መኪናዬ ሳታንገራግር ትነጉዳለች። ሠላሳ አንዱን ጨርሻለሁ። ክብሪት የምታቃጥለው ጨርቁን ነው፤ ክር ማን ያቃጥላል? ልብሱ ሲጠነክርላቸውም ይመርቁኛል። የማስረክበው ጥር መጨረሻ ላይ ነው።

ገንዘብ እንዳትልኪ፣ ሀብታም ልሆን ነው። ይልቅ ደህና የሚያበራ አምፖል ካገኘሽ ላኪልኝ፤ የሱቁ መብራት ደክሟል።

ያሳደገሽ ጋሼሽ


ኅዳር 1 ቀን

ይድረስ ለምወድዎት ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ከበሩ ስር አንስቼ እዚያው ቆሜ አነበብኩት፤ ካፖርቴን እንኳን አላወለቅኩም። ጤናዎን፣ የእትዬን ጉልበት፣ ሁለቱን ልጆች፣ የሱቁን በር ሳይቀር አንድ በአንድ ሰላም እላለሁ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ብርዱንም ለምጄዋለሁ። ሱቁ እንዳልተዘጋ ሳነብ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤቴን ፈርቼ ተውኩት።

ከዚያ ናይለኑ ላይ ደረስኩ። ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ያንን ክር ያቁሙት። ለእርስዎ ስለ ክር መናገር ድፍረት እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ግን ዝም ብል ኋላ ራሴን ይቅር አልልም።

እዚህ እንደሰማሁት፣ ያረጀ ልብስ ወደ መዘንጠያው ማሽን ሲገባ ጥጡ ተበታትኖ እንደገና ለመፈተል ይዘጋጃል። ናይለን ያለበት ከሆነ ግን ናይለኑ አይበታተንም። ይጠቀለላል፣ ይቋጠራል፣ ጥጡን ሁሉ ይዞ ያበላሻል። እንዲህ ያለ ልብስ ሳይታይ አልፎ የሙሉ ቀን ሥራ ወደ ማቃጠያ ሲሄድ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። "ቶሎ የሚተረተር" ያሉዎት ስፌትዎን ንቀው አይደለም። ጨርቁ ሳይሞት ወደ ሌላ ልብስ እንዲሄድ ነው።

ክብሪት ያሏት ልጅም ክሩን ሳታቃጥል አትቀርም፣ ሥራዋ እኮ ነው። ከደረሰችበት መቶ ሃያውንም ይመልሱብዎታል፤ ፈርመዋልና። ከዚያ ሱቁ ምን ይሆናል? አሁን ሠላሳ አንድ ብቻ ናቸው። ይተርትሯቸው ጋሼ። ጊዜ አለ።

አምፖሉን ከሁለት መለዋወጫ ጋር ልኬያለሁ። ሲደርስዎ ይጻፉልኝ፣ ስለ ክሩም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ቁራጬ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለቁራጬ፣

ደህና ነሽ ወይ። እኛ ደህና ነን። አምፖሉ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ክሩ የጻፍሽውን አይቻለሁ፤ ማለቴ አክስትሽ አንብባልኛለች፣ እጄ ዘይት ነክቶት ነበር። "እንደሰማሁት" ትያለሽ። ከማን ነው የሰማሽው? ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ወረቀት ከሚገለብጡት ነው? ከነሱ መሃል መርፌ የጨበጠ አለ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እኔ ክር ሳጠና አንቺ አልተወለድሽም።

የሰፋሁትን ተርትሬ አላውቅም፣ አሁንም አልተረትርም። ስልሳ ስምንተኛው ጋውን ላይ ደርሻለሁ።

ደግሞ በመርፌ ቀዳዳ ክር የምታሾልክ አንዲት ትንሽ የሽቦ ነገር አለች አሉ። ካገኘሽ ላኪ። ለአክስትሽ ነው።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 26 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝዎት፣ ቁጣዎም በርዶ ይጠብቀኝ። ሁለት ጊዜ ስልክ ደወልኩ፣ ሁለቴም "መስመሩ ይንጫጫል" ብለው ዘጉብኝ። መስመሩ ጸጥ ብሎ ነበር ጋሼ። ስለዚህ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ከማን ሰማሽ ላሉኝ፣ ከማንም አልሰማሁም። በዓይኔ አይቼ ነው። ቢሮ የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል አይደል የሚባለው? የኔ ስንቅ አልቋል። ለእናቴ "የጨርቅ ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ" ብዬ የጻፍኩት በመጣሁ በሁለተኛው ወር ነው። እሷ ለጎረቤት አወራች፣ ጎረቤት ለእርስዎ አወራ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው? አምስት ዓመት ሙሉ የቆምኩት ሰው የጣለው ልብስ የሚለይበት አዳራሽ ውስጥ ነው።

አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መሃሉን የጎማ ቀበቶ ይሄድበታል፤ በቀበቶው ላይ ልብስ ይመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይመጣል። ስድስት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመን በእጃችን እየዳበስን እንለያለን። ጥጡን ወደዚህ፣ ሱፉን ወደዚያ፣ የተደባለቀውን ወደ ማቃጠያው። ምልክት ለማንበብ ጊዜ የለም፣ ምልክቱም ይዋሻል፤ የሚለየው ጣት ነው። ጓደኞቼ "ይህን ጣት ከየት አመጣሽው?" ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ። ከእርስዎ ማዳበሪያ ውስጥ ነው ያመጣሁት። "ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?" እያሉ ያጫወቱኝ ጨዋታ ዛሬ ሥራዬ ሆኗል። እኔ ግን አፍሬበት አምስት ዓመት ደበቅኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ካፖርት መጣ። ወፍራም፣ ንጹሕ ጥጥ፣ ክርኑ ላይ ብቻ የሳሳ። ስፌቱን ስዳብሰው የባለሙያ እጅ ነው፤ እኩል ይራመዳል፣ የትም አይዝልም። ልተረትረው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ናይለን ነው። አለቃዬ አገጩን ወደ ማቃጠያው አነሳ። ያን የመሰለ ጥጥ ሸሚዝ መሆን ይችል ነበር፣ አንሶላ መሆን ይችል ነበር፤ ሰፊው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ተቃጠለ። ቀበቶው አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። የእርስዎ እጅ መሰለኝ።

አሁን ደግሞ ከዚህ የባሰውን ልድፈር። የጥጥ ክር የሚበጠሰው መርፌው ሲቀጥን ወይም የመኪናው ውጥረት ሲጠብቅ ነው። ይህንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። መርፌ ቀይሮ ውጥረት ማላላት ለእርስዎ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ ያስቸገረዎት የክሩ መበጠስ አይደለም፣ ተበጥሶ እንደገና ማስገባቱ ነው። መጀመሪያ አምፖል ጠየቁኝ። ቀጥሎ ደብዳቤዬን እትዬ አነበቡልዎ። ቀጥሎ የክር ማሾለኪያ፣ ለእትዬ ነው አሉኝ። እትዬ እኮ በትንኝ ዓይን ውስጥ ክር ያሳልፋሉ! የጻፉት መስመርም ወደ ላይ እየወጣ ጠርዙ ላይ ይጋጫል። ጋሼ፣ ዓይንዎን ምን ሆኑ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኔ የኔን አውጥቻለሁ፤ እርስዎም የእርስዎን ያውጡ። ተቆጣጣሪዋ ራሷ ደርሳበት ከምትጠይቅዎ፣ እርስዎ ቀድመው ሄደው ይንገሯት። ምናልባት ጊዜ ትሰጥዎ ይሆናል። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝም እችላለሁ። ሱቁ ሲዘጋ ግን አልችልም።

ማሾለኪያዋን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የላክኩት ለእርስዎ ነው።

ልጅዎ ቁራጬ


የካቲት 14 ቀን

ይድረስ ለልጃችን፣

የምጽፈው እኔ አክስትሽ ነኝ፣ የሚናገረው እሱ ነው። ከኔ ቃል ሌላ እንዳትጨምሪ ብሎ ሊያስምለኝ ነበር፤ አልማልኩም። ስለዘገየን ይቅር በይን፤ መልካም ወሬ ይዘን እንምጣ ብለን ነው። እንግዲህ ቀጥል ብዬዋለሁ።

ልጄ፣ በፈጣን ፖስታ ያልሽው ደብዳቤሽ እንኳ የደረሰው ጥር አሥራ ስምንት ቀን ነው። አክስትሽ ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ "ዓይንዎን ምን ሆኑ" የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ ቆመ።

ሞራ ነው። ካምና ጀምሮ ነው። ግራው ጭጋግ ብቻ ነው፤ ቀኙ ቅርጽ ይለያል። ዓይኑ ለደከመ ልብስ ሰፊ ማን ጨርቅ ያምናል? የመርፌዋን ቀዳዳ ፍለጋ ስዳክር ልጆቹ እንዳያዩኝ ብዬ ነው ናይለን የገዛሁት። ናይለን አንዴ ካስገቡት ቀኑን ይውላል። ለጥንካሬ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው ልጄ። ፈርቼ ነው።

ያንቺን ሳነብ፣ ማለቴ ስሰማ፣ አፈርኩ። አንዲት ልጅ ባሕር ማዶ ሆና፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ቢሮ የለኝም ካለች፣ እኔ ሽማግሌው ምኔን ነው የምደብቀው? ጥር ሃያ ሁለት ቀን ኮቴን ለብሼ ድርጅቱ ሄድኩ። ክብሪትን አስጠራኋት። "ልጄ፣" አልኳት፣ "ፈርሜ በፊርማዬ አልተገኘሁም። ሰማንያ አራቱን በናይለን ሰፍቻቸዋለሁ። ጥፋቱ የብቻዬ ነው፣ ሠራተኞቼ አያውቁም።" አየችኝ፣ አየችኝና ቦርሳዋን አንስታ "እንሂድ" አለች። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። እኔ ሱቁን በሐሳቤ ቆልፌ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ መልሼ ጨርሼ ነበር።

ደረስን። የታጠፉትን ጋውኖች ጠረጴዛ ላይ አወረድን። አንዱን ገለበጠች፣ ከጎኑ ስፌት ክር መዘዘች፣ ክብሪት ጫረች። ማየትማ አላየሁም፣ ሸተተኝ። ወረቀት ወረቀት ሸተተኝ። "አመድ ነው" አለች። ሁለተኛ። "አመድ ነው።" ሦስተኛ። "አባባ፣ ናይለኑ የታለ?" አለችኝ። "እዚያው ነው፣ ደህና አድርገሽ ፈልጊ!" አልኳት። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሌባ ነኝ ብዬ ሄጄ ሌብነቴን አጣሁት! አሥራ አምስት ጋውን አቃጠለች። እኔም ስፌቱን በጣቴ ዳበስኩት። ቀጥ ያለ ነው። ክሩ ለስላሳ፣ ጥጥ። ሽማግሌው ዓይኑ ብቻ ሳይሆን አእምሮውም ሄደ ብዬ ወንበር ፈለግኩ።

ያኔ አክስትሽ... (ከዚህ በታች ያለውን አልጽፍም ብዬው ነበር። "ጻፊ!" ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበው። ጻፍኩ።)

ያኔ አክስትሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና "የቀሩት ዘጠኝ ናቸው፣ ከበሩ ጀርባ ያሉት። ሌላው ተሠርቷል" አለች። ለካ ከጥቅምት ጀምሮ፣ እኔ ምሳዬን በልቼ ጓዳ ጋደም ስል፣ እሷና ሁለቱ ልጆች የሰፋሁትን እየተረተሩ እንደገና ሲሰፉት ኖረዋል። ስፌቴ ጠማማ ነበር ልጄ። ጠማማ! የጎኑ ስፌት እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ሄዶ እጅጌውን ይስተው ነበር አሉኝ። መርፌውን አወፈሩ፣ ውጥረቱን አላሉ፣ የተላከውን የጥጥ ክር አስገቡና ሰፉት፤ አንድም ቀን አልተበጠሰባቸውም። ልጆቹ የሚያማርሩት የኔን ናይለን ለመተርተር የጨረሱትን ምላጭ ብቻ ነው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ "አያውቁም" ያልኩላቸው ሠራተኞቼ ከኔ በፊት ያውቁ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" ብዬ ክብሪት ፊት ጮህኩባት። "ውሉን ያነበብኩልህ እኔ ነኝ፣ ምን እንደሚል አውቃለሁ" አለችኝ። "ስለ ክሩ ብነግርህ ስለ ዓይንህ መናገሬ ነው። ስለ ዓይንህ አንተ እስክትናገር ጠበቅኩህ።" እስክናገር ድረስ ሦስት ወር ጠበቀችኝ፣ በየቀኑ እየተረተረች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ሳቅ ቀደመኝ። ልጆቹም ሳቁ፣ ክብሪትም ሳቀች፤ አሥራ ስድስተኛውን ልትለኩስ የጫረችውን ክብሪት እጇ ላይ ረስታው ጣቷን አቃጠላት። "ራሱን ከሶ የመጣ ልብስ ሰፊ ዛሬ ገና አየሁ" አለችኝ። ዘጠኙን በሁለት ቀን ተርትረን ሰፋናቸው፤ የተረተርኩት እኔ ነኝ፣ በጣቴ፣ ለዚያ ዓይን አያስፈልግም። ገና ያልተሰፉትን ሠላሳ ስድስቱን አክስትሽና ልጆቹ ቀን ከሌሊት ሰፍተው፣ ጥር ሠላሳ ቀን መቶ ሃያውን አስረከብን። ተቀበሉን። እፎይ! ሱቁ አልተዘጋም ልጄ፣ ሱቁ አልተዘጋም።

ስለ ቢሮሽ ደግሞ፣ ሞኝ! ያን ቢሮ ማን ፈለገው? ዓይኑን ጨፍኖ ጥጥን ከድብልቅ የሚለይ ጣት ወረቀት ላይ ምን ይሠራል? አንቺ ባትቆሚበት ያ ቀበቶ ስንቱን ደህና ጨርቅ ለእሳት በሰጠው። ኮርቼብሻለሁ። ለእናትሽም ነግሬያታለሁ። ሳላስፈቅድሽ ነው፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ አልመልሰውም።

ጋሼሽ

እኔ አክስትሽ፦ ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ። ሞራው ይነሳል፣ ዓይኑ ይመለሳል ብለዋል። መንገዱን ሁሉ ሲከራከረኝ ነበር። ደግሞ የላክሻት ማሾለኪያ ግሩም ናት፣ ልጆቹ እየተቀባበሉ ይሠሩባታል።


መጋቢት 8 ቀን

ይድረስ ለጋሼና ለእትዬ፣

ደስታችሁን ያብዛው፣ እጃችሁን አይንሳኝ! ደብዳቤያችሁን አዳራሹ ደጅ፣ የእረፍት ሰዓት ላይ አነበብኩት። "ሌብነቴን አጣሁት" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ አምስቱም ሴቶች ወጥተው ከበቡኝ። ተረጎምኩላቸው። አንዷ፣ ሱፍ የምትለየው ትልቋ ሴትዮ፣ "ሚስቱን ባገኘኋት" ብላ ዓይኗን ጠረገች። እኔማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ ፍለጋ ከበሩ ስር ባየሁ ቁጥር ሱቁ ተዘግቶ፣ ልጆቹ ተበትነው ነበር የሚታየኝ።

እናቴ ደወለች። "ቢሮ አልነበረሽም አሉ?" አለችኝ። "አልነበረኝም" አልኳት። "ታዲያ በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ያለው የቢሮ ልብስ ሁሉ?" "ከቀበቶው ላይ ያነሳሁት ነው።" "ይሁን፣ ያምርብሽ ነበር" አለችኝ። አምስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር በአንድ ደቂቃ ወረደልኝ። ምን አስፈርቶኝ እንደኖረ አሁን ለራሴም አይገባኝም።

ጋሼ፣ ለሐኪሙ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። "አልቀበልም" የሚለውን ለእርስዎ ሳይሆን ለእትዬ ነው የምተወው፤ እሳቸው ያውቁበታል።

እትዬ፣ ይህ ለእርስዎ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ እርስዎ ቁልፍ ሲተክሉ አይቻለሁ። መኪና ላይ ሲቀመጡ አንድም ቀን አላየሁም። ሰባ አምስት ጋውን ተርትሮ እንደገና መስፋት ምን ማለት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሥራዬ ነው። ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ ነስቻለሁ።

ልጃችሁ ቁራጬ


ሚያዝያ 20 ቀን

ይድረስ ለቁራጬ፣

በገዛ እጄ፣ በገዛ ዓይኔ ነው የምጽፈው። መስመሩን እዪው! ቀኙ ተሠርቶልኛል፤ ግራው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሙን ኮሌታ ነው። አንዱ ጫፍ ከሌላው ይረዝማል። ነገርኩት። አክስትሽ በሀፍረት መሬት መሬት አየች፣ እሱ ግን ጋውኑን አወለቀና "ያስተካክሉልኝ" አለ። እንዴት ነሽ ልጄ? ፈጣሪ ያሰብሽውን ይሙላልሽ። ዓለም ምን ያህል ጥርት ያለች ናት! የሱቁ ግድግዳ እንዲህ መቆሸሹን አንዳችሁም አልነገራችሁኝም።

ክብሪት መጥታ ነበር። ሁለተኛው ትእዛዝ ሁለት መቶ ጋውን ነው። ሌላም አለ፤ እያለቀ የሚመለሰውን ልብስ ወደ መዘንጠያው ከመሄዱ በፊት እኛው ጋ አምጥተው ሊያስተረትሩት ይፈልጋሉ። ቁልፉ ለአዲሱ ይሆናል፣ ደህናው ጨርቅ ለኪስና ለመጣፊያ ይቀራል፣ የማይሆነው ብቻ ይዘነጠላል። ሁለቱ ልጆች ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ሦስተኛም ሳንፈልግ አንቀርም። የሚተረተር ስፌት ስፋ ሲሉኝ የሳቅኩባቸውን ሁሉ መልሼ ውጫለሁ። ተቸገርኩ፣ አፈርኩ፣ ተማርኩ። በዚህ እድሜዬ መማሬ ራሱ ደስ ይለኛል።

አሁን ይሄን ስሚኝ። አክስትሽ የሰፋችውን ስፌት ገና በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ክብሪት ከመቶ ሃያው ለናሙና የመለሰችልን አንድ ጋውን ነበር። ትናንት አወረድኩት፣ ገለበጥኩት፣ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ልጄ፣ እኔ እንዲህ ሰፍቼ አላውቅም። በጉልምስናዬም አልሰፋሁም። አንዷ ነጥብ ከሌላዋ አትበልጥም፤ መነሻዋ ላይ ብትስቢያት ግን ሳታስቸግር ትተረተራለች። "የት ተማርሽው?" አልኳት አክስትሽን። "አንተ ስትሰፋ አጠገብህ ተቀምጬ ሳይ" አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው እንግዲህ ያየችው። ቁልፍ ትከዪ፣ ጠርዝ ቀምቅሚ ስላት ኖሬያለሁ። መስፋት ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ክፋት አልነበረብኝም፣ ብቻ ወደ አእምሮዬ አልመጣም። አሁን ሲመጣ አመመኝ።

ክብሪት ውሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ "ሰፊው ይፈርም" አለች። እጄ እንደ ልማዱ ተዘረጋ። ሰበሰብኩትና ብዕሩን ለአክስትሽ ሰጠኋት። "ምን ሆነሃል፣ ዓይንህ ተመልሶ የለ?" አለችኝ። "ተመልሷል እንጂ" አልኳት። ፈረመች።

ዛሬ ጠዋት ጨርቁ መጣ። "ከመኪናዎቹ የትኛዋ ትሁንልሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። ብዙም አላሰበችም። መስኮቱ ስር ያለችውን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እኔ የተቀመጥኩባትን፣ በጣቷ አሳየችኝ።

ተነሳሁላት።

ጋሼሽ